ሃያ አራት ቮልት

ዶብራቮዳ፣ ሳስካችዋን
እሑድ፣ ማርች 9 ቀን 2014

እማዬ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይቀድማል። እኔ ግን ዛሬ ከጤናሽ በፊት የምነግርሽ ንዴት ስላለብኝ ቅደም ተከተሉን አዛብቼዋለሁ፤ ይቅር በይኝ። ደህና መሆንሽን ባለፈው እሑድ በስልክ ሰምቻለሁ። ስልክ ላይ ያንቺን ድምፅ ስሰማ የኔ ይጠፋል። ስለዚህ ነው የምጽፈው። ወረቀት ላይ ማንም አያቋርጠኝም።

መኪናሽ ተሠራች። የሠራኋትም እኔ ነኝ። ያበላሸኋት ግን እኔ አይደለሁም። አያቴ ጊዶ ስልክ ላይ ነግረውሻል፤ የነገሩሽ ግን በሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። እኔ ላይ የተወራው ሦስት ወር ስለፈጀ በሦስት ዓረፍተ ነገር ሊነሳልኝ አይገባም። ሁሉንም ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

በዲሴምበር "ስንት ጊዜ ነው ሞተሯ በብርድ ደርቆ እንዳያድር ማታ ማታ ሶኬት ላይ ሰኪያት ያልኩሽ?" ብለሽ ስትቆጪኝ ዝም አልኩ። ጥፋቴን ያመንኩ መስሎሽ ነበር። ዝም ያልኩት ሁልጊዜ ዝም ስለምል ነው።

ነገሩ የጀመረው በኖቬምበር፣ የወይዘሮ ፓራስካ ቀብር ዕለት ነው። ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት ነበር። የቀብሩ ምሳ የተዘጋጀበት አዳራሽ ደጃፍ ካሉት ሶኬቶች አንዱ ላይ መኪናዋን ሰካኋት፤ ገመዱን ሁለት ጊዜ ነቅንቄ አይቻለሁ። ወጥ ቤት ያሉት ሴቶች ግን በድንች የተሞላውን ፔሮጊ ለመቀቀል ተጨማሪ ምድጃ ሲያበሩ የውጭውን ኤሌክትሪክ አጥፍተውት ነበር። ከምሳ በኋላ ስንወጣ ያንቺ መኪና አልነሳም አለች። የቄሱም አልተነሳችም። ቄሱን ግን እስከ ዛሬ ማንም አላማቸውም።

እዚህ እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ። የመኪናሽ ኮፈኖ ከተከፈተ ሳትጠሪው ሦስት ሰው የባትሪ ገመድ ይዞ ይመጣል። ሽማግሌው ኦርቪል ገመዳቸውን ይዘው ሲመጡ ጊዶ "ተወው፣ የልጄን መኪና እኔ አስነሳታለሁ" ብለው በእግራቸው ወደ ቤት ሄዱና አሮጌውን ትራክተር እየነዱ ተመለሱ። ገመዱን ራሳቸው አገናኙ። "አስነሺ" አሉኝ። ቁልፉን ስጠመዝዘው የዳሽቦርዱ መብራቶች ዓይን በሚያጠፋ ብርሃን ቦግ አሉ፣ ሬዲዮው ጠሽ ብሎ ዝም አለ፣ ሞተሩ ተነሳ። ሰው አጨበጨበ። ጊዶ ባርኔጣቸውን አነሱ። ከዚያ የትራክተሩን ባትሪዎች አየት አደረጉና ገመዱን በፍጥነት ነቀሉት። ሬዲዮውን "አርጅቶ ነው" አሉኝ። አመንኳቸው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መኪናዋ መንገድ ላይ መጥፋት ጀመረች። ሳትንተፋተፍ፣ ሳታስጠነቅቅ፣ በአንዴ ድርግም። ግማሽ ሰዓት ብርድ ላይ ቁጭ ብዬ ስጠብቃት ደግሞ ምንም እንዳልነካት ትነሳለች። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ሦስት ጊዜ ጠፋችብኝ። ቤት ስደርስ የጫማዬን ማሰሪያ መፍታት አቅቶኝ ጊዶ ፈቱልኝ። በዚያው ሳምንት ነው ላንቺ ደውለው "ልጅቷ ሳትሰካት እያሳደረች ገደለቻት" ያሉሽ። አንቺም "ለገና እኔ ዘንድ ልትመጪ ብለሽ በዚህች መኪና የአምስት ሰዓት መንገድ አትነጂም። ስትሠራ ትመጫለሽ" አልሽኝ። የገና ዋዜማ አሥራ ሁለቱን የጾም ምግብ እኔና ጊዶ ለሁለት በላን። አሥራ ሁለት ሳህን ለሁለት ሰው ምን እንደሚመስል አንድ ቀን ታዪው ዘንድ እመኛለሁ።

የኅብረት ሱቁ ካፌ ውስጥ አሁንም ዕቃ አጥባለሁ። በመስኮቱ በኩል ያለችውን የሽማግሌዎች ጠረጴዛ አትረሻትም። ጠዋት ጠዋት ኦርቪል፣ ሃሪና ጊዶ ቡናቸውን ይዘው የአገሩን ሰው አንድ በአንድ ያነሳሉ፣ ይጥላሉ። ከዲሴምበር ጀምሮ ተረኛዋ እኔ ሆንኩ።

"መኪናችሁን ደብቁ፣ ኦሪሲያ መጣች" ይላሉ ኦርቪል።

"ትናንት የትኛው የመንገድ ዳር ቦይ ውስጥ አደርሽ?" ይላሉ ሃሪ።

"ልጅቷም ዝም ትላለች፣ መኪናዋም ዝም ትላለች። ተግባብተዋል" ይላሉ ኦርቪል ደግመው።

ይስቃሉ። ጊዶም አብረው ይስቁ ነበር፣ እማዬ። ኩባያ ስሰበስብ አጠገቤ ተቀምጠው "የዛሬ ልጅ መች ይሰካል" ይሉ ነበር። ይህን የጻፍኩት ሆዴ ውስጥ ስለቆየ ነው።

መካኒኩን ሮይስን ታውቂዋለሽ። መጀመሪያ ቤንዚን ፓምፑን ቀየረ። ቀጥሎ ካንዴላዎቹን። ቀጥሎ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጠውን ቦቢና። በለወጠ ቁጥር ያንን ወፍራም የበረዶ ላይ ልብሱን ለብሶ አንድ ዙር ይነዳትና "አለቀላት፣ ውሰጂያት" ይላል። እኔ ስነዳት በሃያኛው ደቂቃ ትጠፋለች። "አነዳድሽ ነው" አለኝ በሦስተኛው።

እኔ ደግሞ የእህል ዘር ኩባንያው በሰጠን የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ እጽፍ ነበር። የት ጠፋች፣ ብርዱ ስንት ነበር፣ ምን ምን በርቶ ነበር። ሌላ የማውቀው ዘዴ አልነበረኝም፤ አሥረኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው የሚያየውን ከመጻፍ ሌላ ምን ያደርጋል። ዘጠኝ ጊዜ ከጻፍኩ በኋላ አንድ ላይ አነበብኩት። ዘጠኙንም ጊዜ የመኪናዋ የውስጥ ማሞቂያ ወደ እግር ዞሮ ይነፍስ ነበር። ወደ መስታወቱ ብቻ ሲነፍስ፣ ወይም ብርዱን ችዬ ስዘጋው፣ አንድም ቀን አልጠፋችም። ሮይስ በዚያ ልብሱ ውስጥ ሆኖ ማሞቂያ አብርቶ አያውቅም። ለዚህ ነው እሱ ሲነዳት የማትጠፋው።

ሄጄ ነገርኩት። ድምፄን ታውቂዋለሽ። አስደገመኝ። ያስደገመኝ ስላልሰማ አልነበረም፤ ጋራዡ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እንዲሰማ ነው።

"የኔ ልጅ፣" አለኝ፣ "ማሞቂያና ሞተር አይተዋወቁም። እግርሽ ሲሞቅ እንቅልፍ እየወሰደሽ እንዳይሆን።"

"የሞተሩን ችግር የሚያነበው ማሽንስ?" አልኩት።

"ማሽኔ ከዚህች አሮጊት ጋር አይነጋገርም። ቋንቋ አይግባቡም።"

ውሸት ነው። ውጭ ብርድ ላይ ያደረች ቀን ማሽኑን ሲሰካባት ቁጥሮቹ ሲወጡ በዓይኔ አይቻለሁ። እየነዳሁ ሞቃ በመጣች ቀን ነው ማሽኑ ባዶ የሆነው። ደግሞም ቁልፉን ስታዞሪ የምትበራው ያቺ ቢጫ የሞተር ምልክት፣ መኪናዋ በጠፋች ቁጥር አትበራም ነበር። ይህንንም ልነግረው አፌን ስከፍት ፊቱን ወደ ሌላ ሰው አዞረ። ማሞቂያ ከሞተር ጋር ባይተዋወቅ እንኳ እኔና እሱ አንተዋወቅም ነበር? ከሕፃንነቴ ጀምሮ ያውቀኛል። ያን ቀን ቤት እስክደርስ አለቀስኩ፤ እንባዬም ማሞቂያው ስለተዘጋ ጉንጬ ላይ ይቀዘቅዝ ነበር።

ቅዳሜውን ሁለት ሱሪ ደርቤ፣ ማሞቂያውን ዘግቼ፣ ወደ ሶልቬግ ግቢ ነዳሁ። የመኪና አራጁ ሚስት የነበሩት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የተጋጩትንና የሞቱትን መኪናዎች እሳቸው ናቸው የሚፈቱት። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ጓንት አያደርጉም።

"ማን ላከሽ?" አሉኝ።

"ማንም።"

"ጥሩ። የተላከ ሰው መልሱን በደንብ አይሰማም። ንገሪኝ።"

ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ፣ እማዬ፤ የቀን መቁጠሪያውን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት አነበቡት። ከዚያ በሾፌሩ ጎን ባለው ወንበር በኩል እግር የሚያርፍበትን ምንጣፍ ገለበጡና መጽሐፍ የሚያህል የብረት ሳጥን አሳዩኝ። ቤንዚን መቼ እንደሚረጭ፣ እሳት መቼ እንደሚመጣ ለሞተሩ የሚያዘው ኮምፒውተር እሱ ነው። የማሞቂያው አፍ ልክ አናቱ ላይ ነው። ሞተሩን አስነስተው የፀጉር ማድረቂያ ይዘው መጡና ሳጥኑ ላይ ሞቃት አየር ለቀቁበት። በአራተኛው ደቂቃ ሞተሩ ድርግም አለ።

"እነሆ ተዋወቁ" አሉ። ሮይስ ያለኝን ነግሬያቸው ነበር።

እኔ ወዲያው ሌላ ኮምፒውተር እንዲሰጡኝ ጠየቅኩ። ተቆጡ። "ኮምፒውተር ላይ መፍረድ ቀላል ነው፤ አይናገርም፣ አይከራከርም" አሉኝ። ይህን ሲሉ ስለ ሳጥኑ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ሌላ ነገር ሰማሁ። መለኪያውን እጄ ላይ አስያዙኝ። ወደ ሳጥኑ የሚገባውን ኃይል ለካሁ፤ ደህና ነው። ከሳጥኑ ወጥቶ ቦዲው ላይ የሚታሰረውን ሽቦ ለካሁ፤ ደህና ነው። ሳጥኑ የሚያዛቸውን ዕቃዎች አንድ በአንድ ለካሁ፤ ሽቦው ተነካክቶ ሾርት ያደረገ አንድም የለም። ወደ ሳጥኑ ኃይል ይገባል፤ ከሱ ግን ምንም አይወጣም። ያኔ ነው "አሁን ፍረጂ" ያሉኝ።

ክዳኑን ሲከፍቱት የበሰበሰ ዓሣ ሸተተ። እንደ እርሳስ ላጲስ ያሉ፣ ኃይል የሚያጠራቅሙ ትናንሽ ጣሳዎች አብጠው ተሰንጥቀዋል፤ ከውስጣቸው የፈሰሰው ቡናማ ነገር የመዳቡን መስመር በልቶታል።

"ሲያረጁም ይፈስሳሉ" አሉ፣ "ግን አንድ ሁለቱ እንጂ ሁሉም በአንዴ አያብጡም። በብዙ ኃይል ነው የተመታው። መጀመሪያ የገደለውን ሳታውቂ ሁለተኛውን ብታስገቢ፣ ለዚያው ገዳይ መገበር ነው። በቅርቡ በምን አስነስታችኋት ነበር?"

"በጊዶ ትራክተር።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "ያ ሁለት ባትሪ ያለው አሮጌው?"

"አዎ።"

"ገመዱን ከአንደኛው ባትሪ ነው ያያዙት ወይስ ከሁለቱ ጫፍ?"

አስታወስኩ። አንዱ ገመድ ከግራው፣ አንዱ ከቀኙ ነበር። የመኪና ባትሪ አሥራ ሁለት ቮልት ነው። የዚያ ትራክተር ሁለቱ ባትሪዎች ተያይዘው ሃያ አራት ይሰጣሉ። እዚህ አገር ያደገ ገበሬ ሁሉ ይህን ከአቡነ ዘበሰማያት ቀጥሎ ያውቀዋል። የቸኮለ ቀን ግን ይረሳዋል። ሶልቬግ በዚህ መንገድ የሞቱ ስድስት መኪናዎች ግቢያቸው ውስጥ እንዳሉ ነገሩኝ። ሬዲዮውም የሞተው በዚያው ቅጽበት ነው።

ያቺን የጊዶን አየት ማድረግ ያስታወስኩት ያኔ ነው። ገመዱን የነቀሉበትን ፍጥነትም።

የሞተው ሳጥን ላይ ያለው ቁጥር ከሚገባው ጋር እስከ መጨረሻዋ ፊደል ድረስ አንድ መሆን አለበት። አንዲት ፊደል ብትለይ ሳጥኑ ሌላ ዓይነት ማርሽ ላለው መኪና የተሠራ ነው። በረዶ እየዛቅሁ ካንቺዋ ጋር አንድ ዓይነት የሆኑ አራት መኪናዎች ቆፍሬ አወጣሁ። ሁለቱ ቁጥራቸው ሌላ ነበር፤ ሦስተኛው በመጨረሻዋ ፊደል ከዳኝ። አራተኛዋ አጋዘን ገጭታ የሞተች ቀይ መኪና ናት፤ ገጠመች። ባትሪዬን ነቅዬ፣ አራት ብሎን ፈትቼ፣ ሰክቼ፣ መልሼ አሰርኩ። ሶልቬግ አጠገቤ ቆመው እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ እንጂ አልነኩም። መኪናዋ ስትነሳ መጀመሪያ ትንሽ ተንገጫገጨች፣ ከዚያ ረጋች። ማሞቂያውን ወደ እግር አዞርኩና አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጥኩባት። አልጠፋችም። "አሁን ሂጂና ለገዳዩ ንገሪው" አሉኝ ሶልቬግ።

እንዴት እንደነገርኩ ጊዶ አልነገሩሽም።

ሰኞ ጠዋት የሞተውን ሳጥን በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ካፌው ወሰድኩ። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። በቀጥታ ወደ ጠረጴዛቸው ሄድኩ።

"ምን አመጣሽልን፣ ኬክ ነው?" አሉ ኦርቪል።

ከኩባያዎቹ መካከል አስቀመጥኩትና ክዳኑን አነሳሁ።

"ኧረ ይሄ ምን ሞቶ ነው?" አሉ ሃሪ አፍንጫቸውን ይዘው።

"የእማዬ መኪና ኮምፒውተር ነው" አልኩ። "የሞተው በኖቬምበር ነው። የገደለው ሃያ አራት ቮልት ነው።" ሌላም የምለው አዘጋጅቼ ነበር፤ ድምፄ እዚያ ላይ አለቀ።

ማንም አልሳቀ። እነዚያ ሰዎች ሃያ አራት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልጋቸውም። ሁሉም ጊዶን አዩ፤ ከዚያ ኩባያቸውን አዩ።

"ስቴፋን፣" አሉ ኦርቪል ወደ ጊዶ ዞረው፣ "ያን ቀን ከሁለቱም ባትሪ ነው እንዴ ያያዝከው?"

"ከሁለቱም ነው።"

"መቼ አወቅህ?"

ጊዶ ስኳር የሌለውን ቡናቸውን አማሰሉ። "መብራቱ ቦግ ሲል።"

"እና ሦስት ወር ሙሉ በልጅቷ ላይ ስናላግጥ አብረኸን ትስቅ ነበር?" አሉ ሃሪ።

ጊዶ ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ። ቡናቸውን ሳይጨርሱ ሲወጡ አይቻቸው አላውቅም።

ይቅርታ የጠየቀኝ ሰው የለም። ሮይስም ሰምቶ "አሮጌ መኪና መቼም ያሳስታል" አለ አሉ። ኦርቪል ብቻ ዕቃ ማጠቢያው ድረስ መጥተው ሁለት የቸኮሌት ከረሜላ አስቀምጠውልኝ ሄዱ። ከረሜላ ይቅርታ አይደለም። በላሁት ግን።

ከሥራ ስወጣ ጊዶ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር። እስከ እህል ጎተራው ድረስ ነዳሁ።

"ጊዶ፣ መሳሳትዎ አይደለም ያናደደኝ" አልኳቸው። "ለእኔ ብለው ነው የተሳሳቱት። ለምን በኔ ላይ አደረጉት?"

ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። "መጀመሪያ አፈርኩ። አገር ሁሉ አጨብጭቦልኝ፣ ገደልኳት ልበል? ኋላ ደግሞ አየሁት። መኪናዋ ከቆመች አንቺም ትቆያለሽ። እናትሽ በዚህች መኪና ልትሄድ ነበር፤ መኪናዋን ትታ በአውቶቡስ ሄደች፤ ሄደችም ቀረች። አንቺ መኪናዋ እያለችሽ ምን ያስቀምጥሻል?"

"ቆይልኝ ቢሉኝስ?"

"እሱን ማን ያውቅበታል" አሉ። "ካንቺ የባሰ ዝምተኛ እኔ ነኝ።"

አዘንኩላቸው። ንዴቴ ግን አልበረደም፤ ሁለቱ አብረው መቀመጥ እንደሚችሉ አላውቅም ነበር። "ለእማዬ በራስዎ አፍ ይንገሯት" አልኳቸው። ባለፈው እሑድ የደወሉልሽ ለዚህ ነው። ከዚያ ስልኩን ሰጡኝ። "ባላጠፋሽው ተቆጣሁሽ" ትይኛለሽ ብዬ ነበር። ባትይም "መቼ ትመጫለሽ?" ትይኛለሽ ብዬ ነበር። አንቺ ግን "መኪናዋ ለማንኛውም አሮጌ ናት። እስቲ ሜይ ይግባ" አልሽኝ። እኔም እንደ ልማዴ "እሺ" አልኩ።

እሺ አልነበረም።

ትናንት ቅዳሜ እስከ ሎይድሚንስተር ነዳኋት። ወደ አንቺ የሚወስደው መንገድ ግማሽ ማለት ነው። ማሞቂያው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ ስሄድም ስመለስም አንድ ጊዜ እንኳ አልሳለችም። እዚያ ቤንዚን ቀድቼ ወደ ምዕራብ የሚሄደውን መንገድ ቆሜ አየሁት። ሁለት ሰዓት ተኩል ቀርቶኝ ነበር። የተመለስኩት መኪናዋን ፈርቼ አይደለም። ነይ ስላልተባልኩ ነው።

ስለዚህ አሁን እኔው ልንገርሽ። አርብ፣ ማርች 21፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከዚህ እነሳለሁ። እሑድ ጊዶ ብቻቸውን እንዳይበሉ ቅዳሜ ከሰዓት እመለሳለሁ፤ ይህንንም ነግሬያቸዋለሁ፤ የመኪናዋን ጎማ ነፋሱን ለክተው ሞልተውልኛል። ደብዳቤው እስኪደርስሽ አምስት ቀን፣ መልስሽ እስኪደርሰኝ አምስት ቀን፤ በቂ ጊዜ አለሽ። መንገዱ መጥፎ ከሆነ መጥፎ ነው በይኝ። ቤትሽ ጠባብ ከሆነ ጠባብ ነው በይኝ፤ መሬት ላይ እተኛለሁ። የአዛውንቶቹ መጦሪያ ሥራ በዝቶብሽ ከሆነ በዝቶብኛል በይኝ፤ ተቀምጬ እጠብቅሻለሁ። አብሮሽ የሚኖር ሰው ካለ አለ በይኝ። እንድመጣ ካልፈለግሽ ያንንም መጻፍ ትችያለሽ፤ ማንበብ እችላለሁ። መኪናዋን ግን ሰበብ አድርገሽ አታንሺብኝ። መኪናዋ ደህና ናት።

እግዚአብሔር ሌሎችን በማንሳት የደከመ ወገብሽን ያሳርፍልሽ፤ መተኛትሽን ጣፋጭ፣ መነሳትሽን ቀላል ያድርግልሽ። ጊዶ ሰላም ብለውሻል። እኔ አላስባልኳቸውም፤ ራሳቸው ናቸው ያሉት።

ልጅሽ
ኦሪሲያ